እጁ መቼ ወጥቶ ያውቃል?

"የአሜሪካ መንግሥት በኮሌጅ ስፖርት እጁን አያስገባ!" ሲል አንዱን በቴሌቪዥን ሰማሁና ቡናው ትን አለኝ። እጁ መቼ ወጥቶ ያውቃል? በስንቱ የአሜሪካ ግዛት ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በላይ የሚከፈለው ማነው? አገረ ገዢው? ኧረ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል አሠልጣኝ ነው! (ያ በእጅ የሚጫወቱት "የእግር ኳስ"።) ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አሠልጣኙን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተስማማ። ለማባረሪያ! የካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፓስፊክ ዳር ተቀምጦ በ"አትላንቲክ ዳርቻ" ሊግ ይጫወታል። ጂኦግራፊ አያስተምሩም እንዴ? የመረብ ኳስ ተጫዋቿ አህጉር አቋርጣ ተመልሳ ጠዋት ፈተና ትቀመጥ! ተማሪ ናት አሉ። ታዲያ ሕግ ይውጣላት ሲባል ነው "ጣልቃ ገብነት" የሚሆነው?