ተራራ ለመውጣት የውጭ አገር ዘመድ ያስፈልጋል?

ቸርችል ጎዳና ላይ ቢሮ ያለው አንድ የእግር ጉዞ አዘጋጅ ከመስቀል በኋላ ወደ ራስ ደጀን ለሚያደርገው ጉዞ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ሜሪኖ ከተባለው፣ አውስትራሊያ ውስጥ በብዛት ከሚረባው የበግ ዘር ሱፍ የተሠራ ካናቴራና የውስጥ ሱሪ የሌለው አይመዘገብም። ምክንያቱ «ደኅንነት» ነው አሉ። ማስታወቂያው በዚህ ሳያበቃ «የአገራችን የበግ ጸጉር ለምንጣፍ እንጂ ለገላ አይሆንም» ብሎ ይጨምራል። ደንቡን ችዬ ባለፍኩት ነበር፤ ይህን ግን መዋጥ አልቻልኩም።

ለምንጣፍ ብቻ? የመንዝ ሰው በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ በዚያ ውርጭ፣ ልጅ ያሳደገው ምን ለብሶ ኖሯል? በርኖሱም ባናውም የተፈተሉት ከዚያው ከመንዝ በግ ጸጉር ነው። እረኛው ጠዋት ከብት የሚያወጣው ከአውስትራሊያ ካናቴራ እስኪመጣለት ጠብቆ አልነበረም።

ጥጥ ሲረጥብ ገላ ላይ ተጣብቆ እንደሚያበርድ እስማማለሁ፤ በጋቢ ዝናብ የመታው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ከዚህ ተነሥቶ ሜሪኖ ላይ የሚደረሰው በየት በኩል ነው? ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶም እርጥብ የማይመስለው፣ እርጥበት ሲስብ ጥቂት ሙቀት የሚለቀው፣ በላብ ቶሎ የማይሸተው በጸጉሩ ተፈጥሮ እንጂ በበጉ ዘር አይደለም። የሁሉም በግ ጸጉር የተሠራው ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን ነው። ሜሪኖን የሚለየው ቅጥነቱ ነው። የጥሩ ሜሪኖ አንዷ ዘለላ ከ20 ማይክሮን በታች ናት፤ የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ቆዳ ስትነካ ትተጣጠፋለች እንጂ አትወጋም። ወፍራሙ ጸጉር ግን ይኮሰኩሳል። ይህ ሁሉ ግርግር ማሳከክን ለመሸሽ ነው ማለት ነው! በማሳከክ የሞተ ተራራ ወጪ ካለ ስሙ ይነገረን። ከሥር ተራ የፖሊስተር ካናቴራ፣ ከላይ የመርካቶ የሱፍ ሹራብ የደረበ ሰው አያሳክከውም፤ አይበርደውምም። ያ የተወደሰ ቅጥነት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ስሱ ካናቴራ ከሻንጣ ማንገቻ ጋር ሲፋተግ ይሳሳል፣ ይበሳል። ከተረፈም ቁም ሣጥን ውስጥ ብል ይጠብቀዋል።

ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ላይ የሚሮጡት አትሌቶቻችን የሚለብሱት ፖሊስተር ከሜሪኖ ፈጥኖ ይደርቃል። ይሸታል፤ አልክድም። የድንኳን ጓደኛ ያማርር እንጂ ደኅንነትን የሚነካ ነገር አይደለም።

ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉ የስፖርት ልብስ መደብሮች ሜሪኖ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ግራ ገብቶት ያያችኋል። ልብሱ ወደዚህ ከተማ የሚገባው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ደንቡ የተዘጋጀውን ካልተዘጋጀው አይለይም፤ የሚለየው ውጭ አገር ሰው ያለውን ከሌለው ነው። ደኅንነት ያሳሰበው ሰው ስለ ዝናብ ጃኬት፣ ስለ ደረቅ ቅያሪ ካልሲ፣ ስለ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይጠይቃል። በማስታወቂያው ውስጥ ስለ ዝናብ ልብስ አንድ መስመር እንኳ የለም።

እንግዶቹን እያጀበ የሚሄደው ስካውት፣ ማለትም ታጣቂው የፓርክ ጠባቂ፣ እና ሻንጣቸውን የሚጭነው ባለ በቅሎ በዚያው ብርድ የሚያድሩት ጋቢና ብርድ ልብስ ደርበው፣ በላስቲክ ጫማ ነው። ደኅንነት ከሆነ ጉዳዩ፣ አዘጋጁ ለእነርሱስ ስንት የሜሪኖ ካናቴራ አዘዘ?