ካሮን ወያላ ቢሆን ምን ነውር አለው?

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ አንድ ወዳጄ ከጅምር ሥራው ሁለት ገጽ አነበበ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ባለቅኔ ዳንቴ ሲኦልን፣ መንጽሔንና ገነትን ሲዞር የሚተርክበትን ረጅም ግጥም፣ መለኮታዊ ኮሜዲን፣ በራሱ አማርኛ፣ በራሱ ሰፈር ሰዎች እንደ አዲስ እየተረከው ነው። ትርጉም ነው አላለም። ሙታንን በጀልባ የሚያሻግረውን ሽማግሌ ካሮንን ወያላ አድርጎታል። «ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ነፍሳቱን ይጭናል። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ መድረክ ላይ የነበሩ አንድ ሐያሲ ማይክ ተቀበሉና፣ «ዳንቴን ወይ ተርጉሙት ወይ ተዉት። ክቡር ሥራ በታክሲ አማርኛ አይነካም» አሉ። ያው አዳራሽ አጨበጨበ።

እኔን ያበገነኝ ጭብጨባው ነው።

እስቲ «ክቡር» ከምትለዋ እንጀምር። በዳንቴ ዘመን ክቡር የሚባለው ቋንቋ ላቲን ነበር። ሰውየው ላቲን አሳምሮ ይችላል። ግን 14,233 ስንኙን የጻፈው የፍሎረንስ ሰው በሚገበያይበት፣ እናት ልጇን በምትቆጣበት ቋንቋ ነው። ጆቫኒ ዴል ቪርጂሊዮ የሚባል የቦሎኛ ምሁር ይህ አንገብግቦት በላቲን ግጥም ጻፈለት። ዕንቁህን ለእሪያ አትበትን፣ ለተማረ ሰው የሚሆን ነገር በላቲን ጻፍ ነው ነገሩ። ሐያሲያችን ከ700 ዓመት በኋላ የዚያን ሰው ደብዳቤ በቃላቸው ወጡልን።

«አይነካም» የሚሉትማ ጭራሽ የባሰ ነው። ዳንቴ ራሱ ምን ሲያደርግ ኖረ? ካሮንም ሚኖስም ሰርቤሩስም የእሱ አይደሉም፤ ከጥንቱ የሮም ባለቅኔ ከቪርጂል የወሰዳቸው ናቸው። ቪርጂል ዘንድ ሚኖስ በወጉ ችሎት የሚሰየም ዳኛ ነው። ዳንቴ ግን ጭራ ቀጠለለት። ጭራውን ወገቡ ላይ ስንት ጊዜ ከጠመጠመ፣ ኃጢአተኛው ስንተኛው የሲኦል ክበብ እንደሚወርድ ይታወቃል። ሦስት ራስ ያለውን ውሻ ሰርቤሩስን ደግሞ ተመልከቱት። በቪርጂል ግጥም የሚያስተኛ መድኃኒት ያለበት የማር ቂጣ ይወረወርለታል። በዳንቴስ? አፈር በእፍኝ ተዘግኖ ሦስቱም አፉ ውስጥ ይሞጀራል። ዘግኖ የሚወረውረው ማን መሰላችሁ? ራሱ ቪርጂል! ጌታዬ መምህሬ የሚለውን ባለቅኔ ገጸ ባሕርይ አድርጎ፣ የገዛ ማር ቂጣውን በአፈር አስለወጠው። ከዚህ በላይ መንካት ካለ ይንገሩኝ። የዳንቴው ካሮን እኮ ዘግየት ያለውን በመቅዘፊያ የሚዠልጥ ነው። ወያላ ካልሆነ ምንድነው? የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር የተረከለትን ተጓዥ ጀግና ኦዲሴዎስንም፣ ሆሜርን ሳያነብ ነው አዲስ ጉዞ ፈጥሮ ባሕር ውስጥ ያሰመጠው። ያኔ «ወይ ተርጉም ወይ ተው» የሚል ሰው ቢሰማ ኖሮ፣ ዛሬ ክቡር የምንለው ሥራ ባልኖረ።

አንድ ነገር ልልቀቅላቸው፦ በሦስት በሦስት ስንኝ የሚቆላለፈው የዳንቴ ቤት አመታት በትረካ አይመጣም። በትርጉምስ መቼ መጣና!

ደግሞ እኛ ዳንቴ ላይ ያልተወራረደ ሂሳብ አለን። ገነት በሚለው ክፍል 19ኛው ምዕራፍ ላይ፣ «ክርስቶስ ክርስቶስ» የሚሉ ብዙዎች በፍርድ ቀን ከማያውቁት ይልቅ ከእሱ ይርቃሉ ይልና፣ እንዲህ ያሉ ክርስቲያኖችን ኢትዮጵያዊው ይኮንናቸዋል ይላል። ሙገሳ ይመስላል። አይደለም። ኢትዮጵያዊው እዚያ የተጠራው የማያምን ሰው ምሳሌ ሆኖ ነው። አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው! ተርጓሚ ይህን እንዳለ አስቀምጦ ግርጌ ላይ ማስታወሻ ከመጻፍ ሌላ ምን ያደርጋል? እንደ አዲስ የሚተርክ ሰው ግን ያንን ኢትዮጵያዊ ነጠላ አልብሶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ዳንቴን ፊት ለፊት ሊያናግረው ይችላል።

እዚያ ጋ ሲደርስ ምን እንዳሰበ ወዳጄን ጠየቅሁት።

«ቆይ እንጂ» አለኝ፤ «ገና እየጫንኩ ነው።»