«ከማን አመጣችው?» የሚለው ጥያቄ ይብቃን

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ባሉ የኪራይ ግቢዎች አንዲት የፓርኩ ሠራተኛ ልጅ ሽንቷ እያቃጠላት ሽንት ቤት ስትመላለስ ከታየች ወሬው ቶሎ ይነሳል። «ከማን አመጣችው?» ይባላል። ደግ ደጉን የሚያስቡት «ብርድ መቷት ነው»፣ «የሽንት ቤቱ እንፋሎት ነው» ይላሉ። እሷ ግን የመጀመሪያውን ሰምታለች። አፍራ ዝም ትላለች፣ ሐኪም ቤት ሳትሄድም ትከርማለች። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን እንደ ጨብጥ የአባላዘር በሽታ አይደለም። ከአራት ታማሚዎች በሦስቱ ገደማ መንስኤው ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ኑሮው እዚሁ አንጀታችን ውስጥ ነው፤ እዚያ እስካለ ብዙውን ጊዜ አይጎዳንም። ጣጣው የሚጀምረው ከፊንጢጣ ወደ ሽንት ቱቦ ተሻግሮ ፊኛ ሲደርስ ነው። የሴት የሽንት ቱቦ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የወንድ ግን 20 ይጠጋል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉን በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚይዛቸው በዋናነት ለዚህ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል፣ ባክቴሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሷ ነው። ሕፃናትንም መነኮሳትንም ይይዛል። በዚህ የተነሳ ሚስቱን የሚጠረጥር ባል ይበድላታል። ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታም ሽንት ስለሚያቃጥሉ መመርመር ያስፈልጋል፤ በግምት መፍረድ ግን ነውር ነው።

ታዲያ አንጀቷ ውስጥ ያለው ባክቴሪያስ ከየት ገባ? ከሌላ ሰው እጅ፣ ከውሃ፣ ከምግብ። ሕመሙ እንደ ጉንፋን አይጋባም፣ ባክቴሪያው ግን ከሰው ሰው ይዞራል። አንጀት ውስጥ ገብቶ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። አጥኚዎች ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ አንዳንዴ የቤቱ ውሻ ሳይቀር አንድ ዓይነት ኢ ኮላይ ተሸክመው አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ አሜሪካ፣ በርክሌይ ከተማ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ሽንት ተመርምሮ ነበር። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከተላመዱት ባክቴሪያዎች ግማሽ ያህሉ የአንድ ዘር ሆነው ተገኙ። ያው ዘር በሚኒሶታና በሚሺጋንም ታየ። ተመራማሪዎቹ በምግብ ሳይሠራጭ አልቀረም ብለው ጠረጠሩ።

አሁን የእኛን ግቢ እንየው። ስምንት በር፣ አንድ ሽንት ቤት። በየክፍሉ ሦስት አራት ልጆች። ቧንቧው አከራይዋ በረንዳ ሥር ነው፤ ውሃ የመጣ ቀን ይከፈታል፣ ከዚያ ይቆለፋል። ሽንት ቤቱ በር ላይ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። የግቢው ሰው ሁሉ እጀታውን በዚያው እጁ ያነሳዋል። ሳሙና ቢቀመጥ ማታውን የለም። ልጅቷ ወጥታ የበሩን መቀርቀሪያ ትነካለች፣ ክፍሏ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር እንጀራ ትቆርሳለች። ምግብ ሲቀርብ እጅ ማስታጠብ ያደግንበት ነው። እንግዳ ሳይታጠብ አይበላም። ከሽንት ቤት የሚወጣን ሰው ግን ማን ያስታጥበዋል? የሽንት ቤቱ እንፋሎት ማንንም አላሳመመም። ባክቴሪያውን የሚያዞሩት ያ እጀታ፣ ያ መቀርቀሪያና ያልታጠበ እጅ ናቸው።

ሌላም አለ። ሽንት ቤቱን የሚጠሉ ልጆች ውሃ መጠጣት ይተዋሉ፣ ሽንታቸውንም ይዘው ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውንና ውሃ የማያበዙ ሴቶችን በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨምረው እንዲጠጡ አድርጎ ነበር። ሕመሙ የተመላለሰባቸው ውሃ ካልጨመሩት ሴቶች በግማሽ ያህል ያነሰ ጊዜ ነው። ርካሽ መድኃኒት ነው። ግን «ውሃ ጠጪ» ብለን የምንመክራት ልጅ የምትሸናበት ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋታል።

መድኃኒቱም ጉድ ነው። አንዷ ፋርማሲ ሄዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ትጠይቃለች፣ ያለ ማዘዣ ይሰጣታል። ሁለት ቀን ውጣ ሲሻላት ቀሪውን ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች፣ በኋላ ጓደኛዋን ሲያማት ታካፍላታለች። ይህ ከፍቅር ነው፣ አልፈርድባትም። ነገር ግን እንዲህ የተወሰደ መድኃኒት በሲፕሮ የሚሞተውን ባክቴሪያ ገድሎ የማይሞተውን ያስቀራል። የቀረውም በዚያው ጀሪካን እጀታ ወደ ጎረቤት ክፍል ይሄዳል። ስለዚህ ሕመሙ ከተመላለሰባት የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ፣ ትጠይቅ፤ ባክቴሪያው ለየትኛው መድኃኒት እንደሚበገር ይታወቃል። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ትኩሳትና የጎን ሕመም ካላት ወደ ኩላሊት ሊሄድ ስለሚችል ለነገ አትበል።

ፋርማሲዎቻችንን የምለምነው ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጡ ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማው ለልጆቹ ሥራ መጣ ብሎ ተደስቷል። ከእነሱ ኪራይ የሚሰበስብ አከራይም ሽንት ቤቱ በር ላይ ባለቧንቧ በርሜልና ሳሙና ያስቀምጥ። ቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልኮ መቀመጡን ያረጋግጥ።