ትንሹ ቴዲ በአሟሟቱ ሳይሆን በቁመቱ ይታወስ

«ለአንድ ፈረስ ይህ ሁሉ ለቅሶ?» የሚል ጥያቄ የቴዲ ሞት በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። ጥያቄው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የጠያቂው ዓይን ከፈረሱ ሥጋ አልፎ እንዳልሄደ ያሳያል። ሙሉ ስሙ ቴዎዶር ኦኮነር የነበረው፣ አድናቂዎቹ በቁልምጫ ቴዲ የሚሉት ይህ ዳማ ፈረስ በ13 ዓመቱ፣ ሜይ 28 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ሕይወቱ አለፈ። የሞተውም በውድድር ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዘ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በጋላቢው በካረን ኦኮነርና በባለቤቷ በዴቪድ እርሻ ላይ ነው። ቦታው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ደንብሮ ወደ ጋጣው ሲሮጥ የኋላ እግሩ ክፉኛ ተጎዳ፣ ጅማቶቹም ተቆረጡ። ሊድን እንደማይችል ስለታወቀ ሥቃዩ እንዳይረዝም ሕይወቱ በሐኪም እጅ እንዲያልፍ ተደረገ።

ቴዲ የተወዳደረበት ስፖርት ኢቬንቲንግ ይባላል። አንድ ፈረስ ከአንድ ጋላቢ ጋር በሦስት ዓይነት ፈተና ያልፍበታል፦ በመጀመሪያ በዳኞች ፊት የአካሄዱን ውበትና ታዛዥነቱን ያሳያል፤ ቀጥሎ በሜዳና በዛፍ መካከል አገር አቋራጭ ይጋልባል፤ በመጨረሻም ሲነኩ የሚወድቁ አግዳሚዎችን ይዘላል። የሰው ልብ የሚሰቀለው በመካከለኛው ቀን ነው። በከፍተኛው ደረጃ ፈረሱ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ በ11 ደቂቃ ገደማ መጨረስ አለበት። በየመንገዱ ከግንድ የተሠሩ፣ ቢመቱ የማይወድቁ አጥሮች፣ ጉድጓዶችና የውሃ ገንዳዎች ይጠብቁታል። አናቱ ላይ ቅጠል የተተከለበት አጥር ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ከ45 ሊደርስ ይፈቀዳል። ቴዲ ከኮቴው እስከ ጫንቃው ሲለካ እሱም 145 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ አጥር ፊት ሲደርስ ከማዶ ለቆመ ሰው የሚታየው የካረን ቁመናና የፈረሱ አንገትና ጆሮ ብቻ ነው፤ ዳማው ጀርባ ከቅጠሉ በታች ይቀራል። ከአፍታ በኋላ ደግሞ ያ ጀርባ በአየር ላይ ነው።

በስፖርቱ ደንብ ከ148 ሳንቲ ሜትር ያላለፈ ፈረስ ፖኒ ይባላል። ፖኒ ለልጅ መማሪያ ተብሎ የሚታሰብ እንስሳ ነው። የቴዲ ደም ባብዛኛው ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ ሆኖ የዓረብ ፈረስና፣ ከፖኒዎች ሁሉ አጭር ከሚባሉት አንዱ የሆነው የሼትላንድ ፖኒ ተቀላቅሎበታል። ካረን በበኩሏ በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒክ በቡድን ሜዳልያ ያገኘች ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበረች፤ እንዲህ ያለች ሴት ፖኒ ላይ ተቀምጣ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ብቸኛ የነበረውን ባለአራት ኮከብ፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ ውድድር ለመግጠም ኬንታኪ ስትገባ ነገሩ ብዙዎችን ቢያስገርም አይፈረድባቸውም። በዚያው በ2007 ግን ቴዲ በኬንታኪ ሦስተኛ ወጣ። በሐምሌ ወር ደግሞ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ በተደረገው የፓን አሜሪካን ጨዋታ ካረንን የግልም የቡድንም ወርቅ አሸልሟት ተመለሰ። በ2008 ጸደይ ዳግም ኬንታኪ ሄዶ ስድስተኛ ከሆነ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው ያ አደጋ የደረሰበት።

ሰዎች ያለቀሱት ለሜዳልያው ነው ብዬ አላምንም። ሜዳልያ ያመጡ ትልልቅ ፈረሶች ሞተው በአንድ ዜና ሲታለፉ አይተናል። በፈረስ ግልቢያ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የተቀመጠው ፖኒ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያቀፈው አንገት፣ ጋማውን ያበጠረለት፣ ቁመቱ ሲጨምር ጥሎት ወደ ትልቅ ፈረስ የተሻገረው ያንን ነው። ቴዲ ያ የተተወው የልጅነት ፈረስ እዚያ መድረስ ይችል እንደነበር በዓይናቸው አሳያቸው። እንግዲህ የዚህ ፈረስ ሞት እንደ ቤተሰብ መርዶ ቢሰማቸው ምን ይደንቃል? እኛስ ብንሆን ዳግማዊ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኛው እያልን ነገሥታቱን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ አይደለን? የፈረስን ፍቅር ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ለምን አልታከመም?» ለሚሉም መልስ አለ። የፈረስ እግር ከጉልበቱ በታች ሥጋ የለውም፤ አጥንትና ጅማት ብቻ ነው። ጅማቱ ሲቆረጥ ፈረሱ መቆም አይችልም፣ ለረዥም ጊዜ ተኝቶ መታከምም አይሆንለትም፤ ክብደቱ ሁሉ በደኅነኛው እግር ላይ ሲያርፍ ደግሞ የዚያ እግር ኮቴ ከውስጥ ይቆስላል። ኬንታኪ ደርቢ የሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም የ2006 አሸናፊ ባርባሮ እግሩ ተሰብሮ ስምንት ወር ያህል ከፍተኛ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ለሞት ያደረሰው ይኸው የኮቴ በሽታ ነበር። ቴዲን ያሳደሩት ሰዎች ያን ሁሉ ስቃይ ስላላስከተሉበት ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ወቅቱም ክፉ ነበር። በዚያው ጸደይ በኬንታኪው የኢቬንቲንግ ውድድር ሁለት ፈረሶች ወድቀው ሞተዋል፤ በሜይ መጀመሪያም ኤይት ቤልስ የምትባል ባዝራ ደርቢውን ሁለተኛ ሆና እንደጨረሰች ሁለት የፊት እግሮቿ ተሰብረው እዚያው ሜዳ ላይ ሕይወቷ አልፏል። ስለ አጥሮቹ አሠራርና ስለ ግልቢያው ፍጥነት የተነሣው ክርክር ተገቢ ነበር፤ እኔም ከጠያቂዎቹ ወገን ነኝ። የቴዲን ሞት ከዚያ ዝርዝር መደመር ግን ለሟቾቹ ሁሉ ፍትሕ መንፈግ ይመስለኛል። በሜዳ ላይ የሞቱት ውድድሩን ያዘጋጀው ሰው መልስ ሊሰጥባቸው የሚገቡ ናቸው፤ ቴዲ ግን በለመደው ግቢ ውስጥ፣ ማንኛውም ፈረስ በማንኛውም ቀን በሚደነብረው ዓይነት ደንብሮ ነው የሞተው። ሁለቱ ሲደባለቁ ተጠያቂው ይጠፋል፣ ቴዲም የክርክር ማስረጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሚወዱት ሰዎች ብዙዎቹ በልባቸው ስትሮለርን ይዘው ነበር፤ እንደ ቴዲ ፖኒ ሆኖ በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማሪዮን ኮክስን በመሰናክል ዝላይ የብር ሜዳልያ ያሸለመውን። ከ40 ዓመት በኋላ የቤጂንግ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር ሆንግ ኮንግ ላይ ሊደረግ ሲቃረብ፣ ከመሞቱ በፊት ቴዲ ለአሜሪካ ቡድን ከሚታሰቡት አንዱ ነበር። ካረን በነሐሴ እዚያ የገባችው ማንዲባ የሚባል ሌላ ፈረስ ይዛ ነው። ማንዲባ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ያንን ውድድር ባየሁ ቁጥር ግን ዓይኔ የሚፈልገው አጥሩ ሥር ሲደርስ ከቅጠሉ በታች የሚቀረውን ያንን ዳማ ጀርባ ነው።