«እዩት» አትበሉን፣ ጠጉሩን ላኩልን

የመንዝን የሱፍ ፈትል በዙም እናስተምራለን የምትሉ አዘጋጆች፣ ኧረ በፈጠራችሁ! አስተማሪዋ እማማ መሐል ሜዳ ከተማ ቁጭ ብለው እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ ያሾራሉ፤ ካሜራው የሚያሳየን ግን ነጠላቸውንና ግድግዳውን ነው። ከዚያ አንዱ ጣልቃ ይገባና «እንግዲህ ጠበቅ፣ ደግሞ ላላ ማድረግ ነው» ይላል። ጠበቅ ስንት ነው? ላላስ የማን ላላ?

ፈትል የዓይን ሥራ አይደለም። የለመደች ሴት ዞር ብላ ወሬዋን እያወራች ትፈትላለች፤ ጠጉሩ እየተንሸራተተ ሲመጣ ጣቷ ይነግራታል። ነገሩ ያለው በሁለቱ እጆች መካከል ባለው ርቀት ነው። ርቀቱ ከአንዷ ጠጉር ርዝመት ካነሰ ሁለቱም እጆች ያንኑ ጠጉር ጨምድደው ይጓተታሉ፣ ቢስቡት ንቅንቅ አይልም። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ይሳሳና ብጥስ።

ታዲያ ተማሪው ሁሉ የየራሱን ሱፍ ይዞ ይገባል። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራና ለስላሳ የተደባለቀበት ነው። ውጭ አገር ያለችው ከሱቅ የገዛችውን፣ ተበጥሮ የሚያሙለጨልጨውን ይዛ «ለምን ይበጠስብኛል?» ትላለች። እህቴ፣ የያዝሽው ሌላ ነገር ነዋ! ቅባቱም አለ፤ ያልታጠበ ሱፍ ብርድ ላይ ይጠጥራል፣ ፀሐይ ሲነካው ይለዝባል። እማማ በመንዝ ጧት «ሳብ አድርጉ» ሲሉና ሞቃት ክፍል ያለው ሰው ሲስብ አንድ አይደለም። ኔትወርኩን ተዉት፣ «ልቀቁ» የሚለው ድምፅ እስኪደርስ ክሩ ተበጥሷል።

የሱፍ መንደፊያው ደጋንስ ድምፅ? ሱፍ ሲነደፍ ጆሮም ይሠራል፤ ዙም ግን ጫጫታ መስሎት ይውጠዋል። ቅንብሩ ውስጥ ድምፁን እንዳለ የሚያሳልፍ ምርጫ አለ፣ ማን ይንካው! ነጭ ሱፍ በነጭ ጋቢ ላይ መቅረጽስ ምን ይሉታል? ጥቁር ጨርቅ ጭናቸው ላይ ጣል አድርጉ። ስልኩንም በትከሻቸው በኩል አሳልፋችሁ እጃቸው ላይ አነጣጥሩት፤ ፊት ለፊት ሲሆን ግራና ቀኙ ይምታታብናል።

የሚያናድደው መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው። ሳምንት ሲቀረው ከአንድ በግ የተሸለተ 50 ግራም፣ ግማሹ የታጠበ ግማሹ ያልታጠበ፣ በፌስታል ላኩ። እማማ የፈተሉትን አንድ ክንድ የድር (በቁመት የሚወጠረው)፣ አንድ ክንድ የማግ (በአግድም የሚገባው) ክር ጨምሩበት። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ የእሳቸውን በአንድ እጁ፣ የራሱን በሌላው ይዳብስ። ከዚያ ክሩን ወጠር አድርጎ ይያዝና ሁለቱን ጫፍ ያገናኝ፤ መሐሉ በራሱ ይጠመዘዛል። ጥምዙን ይቁጠር። ድሩ ስለሚከር ከማጉ ይበልጣል፤ የራሱ ከእሳቸው ካነሰ ገና አላከረረም ማለት ነው። (ያደረ ክር ያርፋል፣ ውኃ ነከር ካላደረጉት እውነቱን አይናገርም።) ይህችን ቁጥር ካሜራም ታሳያለች!

አጠባውንማ «ለብ ባለ ውኃ» ብላችሁ ዘለላችሁት። በሙቅ ውኃ እያሸ ያጠበው ሰው ሱፉ ተጣብቆ እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ሆኖበታል፤ እሱን ደጋንም አይፈታው። ሰርተፍኬቱ ግን በፒዲኤፍ በሰዓቱ ደርሶታል።