ላንጋር ምጽዋት አይደለም

ወንድሜ፣ «የሲኮች (በሕንድ የተነሣው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ነጻ ምግብ ላንጋር ለነዳያን የሚሰጥ ምጽዋት ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ስለሚስተው ላርምህ። ላንጋር ላይ ሀብታሙም ድሃውም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ነው የሚበላው። ቁም ነገሩም እሱ ነው፤ ከሌላ ካስት (በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ መደብ) ሰው ጋር መብላት ነውር በነበረበት ዘመን የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ (መምህር) ናናክ (1469–1539 እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ሥርዓት ነውና። ሦስተኛው ጉሩ አማር ዳስማ ሊያያቸው የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ከሕዝቡ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲበላ ያደርጉ ነበር።

በሕንድ አምሪትሳር ከተማ ባለው የሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ሳህን የሚያጥቡት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አገልግሎቱ «ሴቫ» ይባላል። ቂጣውን ሁለት እጅህን ዘርግተህ ትቀበላለህ። ምስሩ ከእኛ አልጫ ብዙ አይርቅም። ሥጋ ግን የለም፣ ማንም በሃይማኖቱ ምክንያት ከማዕዱ እንዳይቀር። ምጽዋት ካልክ ይበልጥ የሚቀራረበው የሂንዱዎቹ «ዳን» የሚባለው ልግስና ነው።