ስፒከሮቹ ሲገቡ እኛ ወጣን

አዲሶቹ ስፒከሮች ቤት የገቡ ዕለት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ካርቶኑን የከፈትነው ተጋግዘን ነው። ልጄ ነጩን ፎም ፈርፍሮ ምንጣፉን በረዶ የጣለበት አስመሰለው። ባለቤቴ አንዱን ስፒከር አቅፋ ተነሳችና ቡፌው ላይ ሰየመችው። ሌላውን በሩ ጥግ፣ ወለሉ ላይ አኖረችው። ሁለቱንም ዳንቴል አለበሰቻቸው። ቡፌው ላይ ላለው የአበባ ማስቀመጫም ጨመረችለት።

"አለቀ" አለች እጇን እያራገፈች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አብሯቸው የመጣውን መመሪያ አነበብኩ። መመሪያ የሚያነብ ሰው ያለበት ቤት ሰላም አያድርም። መመሪያው ላይ አንድ ሥዕል አለ። ሁለት ስፒከር፣ አንድ ሰው፣ ሦስቱን የሚያገናኙ ሦስት እኩል መስመሮች። ስፒከሮቹ በሁለት ሜትር ተኩል ከተራራቁ፣ አድማጩም ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ተኩል ይርቃል። ሰውዬው ብቻውን ነው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ አማት የለ። ሳሎኑ ውስጥ ከአንድ ወንበር በቀር ዕቃ የሚባል አይታይም። መፋታቱን መመሪያው አይናገርም እንጂ ያስታውቃል።

ስቴሪዮ ማለት በአጭሩ ሁለት ስፒከሮች ተማክረው የሚዋሹት ውሸት ነው። ዘፋኙ መሀል ላይ ቆሟል ይሉሃል። መሀል ላይ ያለው ግን ባዶ ግድግዳ ነው። ታዲያ ውሸቱ እንዲያምር ሁለቱም እኩል ርቀው፣ እኩል ጮኸው መዋሸት አለባቸው። ወደ አንደኛው ትንሽ ጠጋ ካልክ የእሱ ድምፅ ቀድሞ ይደርስሃል፤ ዘፋኙም ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ይገባል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 30 ሴንቲሜትር ብትጠጋ የምታተርፈው ጊዜ የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ጆሮ ግን ይህቺን ልዩነት አያልፋትም። ይኸው ጆሮ ነው እንግዲህ "እራት ቀርቧል" ሲባል አሥር ደቂቃ ሙሉ የማይሰማው።

ይህን ጣጣ ያመጣብን አለን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እንደሚወራው ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ፣ ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ አብሮት አለመሄዱ ከነከነው። መላውን አገኛለሁ አላት። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በ1931 እ.ኤ.አ. አስገባ። እሷ ፊልሙን በሰላም የጨረሰች አይመስለኝም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። መጀመሪያ ዳንቴሎቹ ወረዱ። ቀጥሎ ስፒከሮቹን ከግድግዳው እናርቃቸው አልኩ። ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ቤዝ፣ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በየአቅጣጫው ይፈስሳል። ግድግዳ ሲያገኝ ይመለስና ራሱ ላይ ይደረባል። ጥግ ሲያገኝማ በሁለት ግድግዳ ነው። በሩ ጥግ የተቀመጠው ስፒከራችን ቤዝ ጊታሩን በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርም ሰው አስመስሎት ነበር።

ሁለት ማቆሚያ አመጣሁ፤ ከፍና ዝቅ የሚል። ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትክክል መሆን አለበት ይላልና መመሪያው፣ ሜትር ይዤ የቤተሰቡን ጆሮ ከወለል መለካት ጀመርኩ። የእኔ 97 ሴንቲሜትር። የባለቤቴ 92። ልጄ አልቀመጥም አለ። አማቴ ሜትሩን ሲያዩ "ቀሚስ ልታሰፋልኝ ነው?" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የእሳቸው 86 ነው። ከዚያ በማን ጆሮ እንስተካከል በሚለው ላይ ተወያየን። በድምፅ ብልጫ የእኔ ጆሮ አሸነፈ። ድምፅ የሰጠሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽቦውን ያገናኘሁት ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው፤ የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ። አንድ ወዳጄ ሽቦው ውድ ካልሆነ ዋጋ የለውም ብሎኝ ነበር። ተራ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከረዘመ ወፈር ያለ፣ ይበቃል። ወዳጄ ግን ሽቦ ሲገለበጥ እንኳ ይሰማኛል ይላል። ይህ ሰው ሚስቱ ፀጉሯን ተቆርጣ ሳምንት ያላየ ሰው ነው።

ሶፋው ራሱ አልተረፈም። ከኋላ ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ቤዙ ጆሮ ሥር ያብጣል። ስለዚህ ጎትቼ ሳሎኑ መሀል አመጣሁት። ወደ ኩሽና የሚያልፍ ሁሉ ከኋላዬ በጎን ይሾልካል። ቴሌቪዥኑ በዚያው ለሶፋው ጀርባውን ሰጠ።

የከፋው የመስታወቱ ቀን ነው። የጎን ግድግዳ ድምፅን እንደ ኳስ ያነጥራል። የሚያነጥርበትን ቦታ ለማወቅ አንተ መስሚያ ቦታህ ላይ ትቀመጣለህ፤ ሌላ ሰው ደግሞ መስታወት ይዞ ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል። ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ የታየህ ቦታ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ታደርጋለህ። ባለቤቴ የመኝታ ቤቱን መስታወት ተሸከመች። "ቀስ... ትንሽ ወደ ኋላ... ቁሚ!" እላለሁ ተንፈላስሼ። በዚህ መሀል ጎረቤታችን አንኳኩታ ገባች። እኔን አየች፣ እሷን አየች፣ መስታወቱን አየች። "በኋላ እመለሳለሁ" ብላ ወጣች። እስካሁን አልተመለሰችም።

ቦታው ደግሞ የሰርጋችን ፎቶ የተሰቀለበት ሆኖ አረፈው። ትልቅ፣ በመስታወት የተሸፈነ። "ይሄ ፎቶ ነው ድምፁን የሚያበላሸው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ልውጠው ፈልጌ ነበር፤ አልደረስኩም። ፎቶው እዚያው አለ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ይዛልኝ አታውቅም።

ከዚያ እንግዳ መጥራት ጀመርኩ። ትክክለኛው መስሚያ የአንድ ሰው ቦታ ስለሆነ ተራ ይያዛል። አንዱ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ ይሰማል፤ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ስፒከሮቹን ትቼ ፊቱን አያለሁ።

"እንዴት ነው?"

"አሪፍ ነው።"

"ዘፋኙ የት ነው ያለው?"

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። "ውጭ አገር የሄደ መሰለኝ።"

አልፈረድኩበትም። ጥያቄውን ያልተረዳ ሰው እንደሆነ ቆጥሬ አስረዳሁት። "ድምፁ ቤቱን እንዴት እንደሞላው አየህ? ከየት እንደሚመጣ እኮ አይታወቅም!" አልኩት። ለሌላዋ እንግዳ ደግሞ "ንጹሕ ቤዝ እንዲህ ነው፤ መኖሩ ራሱ አይሰማም" አልኳት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱ እንዲያውም ዓይኑን ጨፈነ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ከሰዓት ሳሎን ስገባ አማቴ ቦታዬ ላይ ተቀምጠው ዜና ያዳምጣሉ። አንዴ ዞር፣ አንዴ ዞር ይላሉ።

"ምን ጠፋብዎት እማማ?"

"አይ፣ ይሄ ሰውዬ ከኋላዬ ቆሞ ነው እንዴ ዜናውን የሚያነበው?"

ልስቅ አፌን ከፈትኩና መለስኩት። አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ በግራው ስፒከር ጀርባ ተንበረከክሁ። ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩ ቀዩ ላይ ገብቷል። አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ሲስብ፣ ቤዙ መሀል መንገድ ላይ ሲጠፋፋ፣ ዘፋኙም መቆሚያ አጥቶ ክፍሉን ሲዞር ከርሟል። ለዚህ ነው ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀው። አሪፍ ነው ያሉኝን ሰዎች በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው።

ሽቦዎቹን አዟዙሬ ከፈትኩት። ዜና አንባቢው መጥቶ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ግድግዳው ፊት ገጭ አለ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁሉ ተሰማ። ባለቤቴን ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

"ድሮስ እንዲህ አልነበረም?" ብላ ተመለሰች።

አማቴ ግን ዝም ብለው ግድግዳውን አዩት። "አሁን ፊት ለፊቴ መጣ" አሉና ሁለት ትራስ ከጀርባቸው ጨምረው ተመቻቹ። የመነሳት ነገር አይታይባቸውም። ዜናው ሲያልቅ ሙዚቃ ተጀመረ። እሱንም ይሰሙ ጀመር።

የእሳቸው ጆሮ 86 ነው። የማቆሚያውን መፍቻ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ።